አራሷ ድመትና የማይሙና እጅ

በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሠፈር፣ ልጅ በተወለደበት ቤት ሁሉ የማይሙና ጨርቅ ቀድሞ ይደርሳል። ከእናትየው ዘመዶች በፊት፣ አንዳንዴም እትብቱ ሳይቀበር፣ ከሱቋ ጣቃ ላይ ተቆርጦ በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ፍላኔል በሩን ያልፋል። ቀጥሎ ማይሙና ራሷ ትመጣለች። ትመርቃለች፣ ትጠይቃለች፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። «እንቺ፣ ታቀፊው» ሲሏት ግን ወይ ስልኳ ይጠራል፣ ወይ ሱቁን ክፍት ትታ መምጣቷ ትዝ ይላታል። ሠፈሩ ይህን ከኩራት ቆጥሮታል። የድሬዳዋ ነጋዴ ልጅ፣ የድሬዳዋ ነጋዴ ሚስት፣ ባሏ አቡዘር ከሞተ ወዲህም ሱቁን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናትና፣ የሰው ልጅ ልብሷን እንዳያበላሽባት ትሸሻለች ይሏታል። እሷም ስሙን ተቀብላዋለች። ኩሩ መባል ፈሪ ከመባል ይሻላል።

ማይሙና የምትፈራው የገዛ እጇን ነው።

በባቡር ወደ ጅቡቲ መጥታ በተዳረች በዓመቱ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። ልጁ ደህና ተወለደ፣ ደህና ጠባ፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ቆዳውና የዓይኑ ነጭ ቢጫ መሰለ፤ ስም በወጣለት ማግስት አረፈ። ሊቀብሩት የሄዱት ወንዶች ገና ሳይመለሱ፣ ለቅሶ ከተቀመጡት መካከል አንዲት የአቡዘር አክስት፣ «የዚች ልጅ እጅ ትኩስ ነው። ለጨቅላ አይሆንም» አለች። አክስትየዋ ቃሏን ያን ዕለት ማታ ረስታው ሊሆን ይችላል። ማይሙና ግን ይዛው ኖረች። ከዓመታት በኋላ ሴት ልጇ ሱሪያ ስትወለድ የምታጥባትም፣ የምትጠቀልላትም፣ የምታስተኛትም አማቷ ሆነች። ማይሙና በጎኗ ተኝታ ጡቷን ከመስጠት በቀር እጇን ሳትዘረጋ አርባውን ቀን አሳለፈች። ሱሪያ አደገች። ልጄ የተረፈችው ስላልነካኋት ነው ብላ እናቲቱ በልቧ ደመደመች፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

አሁን ያቺ ሱሪያ እርጉዝ ናት። ጋቦዴ በሚባለው ሠፈር ከባሏ ከረምዚ ጋር ትኖራለች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ ሐኪሟ ልጁ ወንድ ነው ብሏታል። ባለፈው ሳምንት እናቷን አስቀምጣ፣ የአርባውን ቀን አራስነት የምታርሳት እናቷ እንደሆነች፣ ልጁንም መጀመሪያ የምትቀበለው የእናቷ እጅ እንዲሆን እንደምትፈልግ ነገረቻት። ማይሙና እሺ አለች። እንቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ያስፈልግ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው እሷን አይቶ ይመስላታል።

አመዴ የወለደችው በዚህ መካከል ነው። አመዴ ግራጫ የሱቅ ድመት ናት። አይጥ ጣቃ እንዳይቆርጥ አቡዘር በሕይወቱ ሳለ ያመጣት ስትሆን፣ እሱ ካለፈ ወዲህ ለማይሙና ከመደርደሪያው ጋር የተወረሰች ያህል ናት። ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከሱቁ በስተጀርባ ባለው ጓዳ፣ ከቆሙት ጣቃዎች ሥር በተቀደደ ካርቶን ውስጥ አራት ግልገሎች ወለደች። ማይሙና የሰማችው ቀጭን ጩኸት ነው። ጣቃዎቹን ገለል አድርጋ ስታይ ዓይናቸው የተጨፈነ፣ ጆሯቸው ከራሳቸው ላይ የተለጠፈ፣ ከጣት ብዙም የማይረዝሙ ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲተራመሱ አየች። ወዲያው እጇን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ የሚያቃጥል ነገር እንዳየ ሰው ተፈናጥራ ወጣች።

ከሱቋ ጎን ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ የምታቀርበው የውብዳር፣ የደሴ ሴት፣ ወሬውን ሰምታ ለማየት መጣች። ከማይሙና ጋር ግድግዳ ይጋራሉ፣ ጨው ይዋዋሳሉ፤ ቀልዷ ግን ምላጭ ነው።

«ታዲያ አራስ ካለችሽ ገንፎ ላገንፋላት?» አለች የውብዳር።

ማይሙና አልሳቀችም። ግልገል ድመት መንካት የሚቻለው መቼ እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ዓይናቸው ሳይገለጥ? ሞተሻላ። ድመት የሰው እጅ የነካውን ልጇን ትበላዋለች። እኛ አገር አንዲቷ አራቱንም ስልቅጥ አድርጋ፣ ጺሟን ጠርጋ ተኝታለች።»

የውብዳር ይህን ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ማይሙና ደግሞ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ፊት ቆማ ጨርቅ ስትለካ፣ ጆሮዋ ከጓዳው አልተለየም። ጩኸት ሲሰማ እየተበሉ ይሆን ትላለች፤ ጸጥ ሲልም አለቁ ትላለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ዓርብ ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ካርቶኑ ከሥሩ ረጥቦ፣ ግልገሎቹም በእርጥበቱ ላይ ተኝተው አገኘቻቸው። እንዲሁ ልትተዋቸው ህሊናዋ አልፈቀደም። በእነማይሙና ቤት አንድ ደንብ አለ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸውና፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ውሃ በነካው ጨርቅ አይጠቀለልም። የታጠበ ጨርቅ የድኻ ጨርቅ ነው። ለአራስ ቤት የሚወጣው፣ ብል እንዳያገኘው ከነጫጭ የናፍታሊን ኳሶች ጋር በቆርቆሮ ሳጥን የተቀመጠው፣ መቀስ እንጂ ሳሙና የማያውቀው ፍላኔል ነው። ማይሙና ሳጥኑን ከፈተች፤ ከለስላሳው ቆርጣ አጠፈችው። አመዴ ከየውብዳር ደጃፍ የዓሣ ጭንቅላት ፍለጋ ስትወጣም፣ ጨርቁን በደረቅ ካርቶን ላይ አንጥፋ፣ ግልገሎቹን አንድ በአንድ በሜትር እንጨቷ እየገፋች አሻገረቻቸው። እጇ አልነካቸውም። ይህን ስታደርግ ትንፋሿን እንኳ ይዛ ነበር። ከጨረሰች በኋላ አራቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ስታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ደስ አላት።

አመዴ ተመለሰች። ወደ ካርቶኑ ገባች፤ አሸተተች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ እፍ አለች። ከዚያም አንዱን በማጅራቱ ነክሳ ብድግ አደረገችው፤ በማይሙና እግር ሥር አልፋ በኋላ በር ወጣች። ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። ሦስተኛውንም ወሰደች። ማይሙና ግድግዳ ላይ ተለጥፋ እያየቻት ነበር። ወዴት ነው የምትወስዳቸው? ልትበላቸው ነው? አራተኛውን ለመውሰድ ግን አመዴ አልመጣችም። ነጠብጣቧ ግልገል ብቻዋን በነጩ ጨርቅ ላይ ቀረች። መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ ጩኸቷ ሳሳ፣ በመጨረሻም አፏን ትከፍታለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም።

 ሳልነካቸውም ገደልኳቸው አለች ማይሙና በልቧ። እጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ዓይኔም፣ ጥላዬም ነው ማለት ነው። ይህ ሐሳብ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እጅን መሰብሰብ ይቻላል፤ ጥላን ወዴት ይሰበስቡታል? ሱሪያ ዘንድ በር አጠገብ ብትቀመጥ እንኳ ምን ይጠቅማል?

ስልክ ወደ ጋቦዴ ደወለች። ረምዚ ወደ ዓረብ አገር የሚጫኑ በጎችና ፍየሎች የሚመረመሩበት ማቆያ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ዓርብ በመሆኑ ቤት ነበር። አማቱ ስለ ድመት ብላ ስትደውልለት ይህ የመጀመሪያዋ ነውና፣ ከሱሪያ ተቀብሎ ሲናገር በድምፁ ፈገግታ ነበረበት። የእሷን ድምፅ ሲሰማ ግን ፈገግታውን ተወው።

«እማ፣ በእጅዎ ነክተዋቸዋል?»

«ወላሂ አልነካሁም። በእንጨት ነው የገፋኋቸው።»

ረምዚ ቢነኩም ኖሮ እናትየዋ ለሰው ጠረን ብላ ልጆቿን እንደማትተው አስረዳት። የጎጆዋ ሰላም ሲናጋ ወይም የማይመቻት ነገር ሲሸታት ነው የምታሸሻቸው፤ ትበላቸዋለች የሚባለውም በአብዛኛው ታሞ የሞተውን ነው። ቀጠለና ከሥራቸው ምን እንዳለ ጠየቀ። አዲስ ፍላኔል ነው አለችው። ከየት የወጣ? ከሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ማይሙና መልሱን ከመስጠቷ በፊት በሳጥኑ የቀረውን ጨርቅ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ምንም አልሸተታትም። ዕድሜዋን ሙሉ የተነፈሰችው አየር ነው። «ናፍታሊን» አለች።

«አሁኑኑ ከዚያ ጨርቅ ላይ ያንሱት። ለድመት መርዝ ነው፤ እንዲህ ላለ ጨቅላ ደግሞ ሽታው ብቻ ይበቃዋል።»

«ሰው ልጥራ?»

«ሰው ምን ያደርጋል? በእጅዎ ያንሱት እንጂ።»

ማይሙና ስልኩን ሳትዘጋ ወደ የውብዳር ሮጠች። የውብዳር በሹፌሮች መካከል ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ እስከ ክርኗ በርበሬ ነች። ነገሩን ሰምታ ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ አነሳቻቸው። «በዚህ እጅ? አቃጥዬ ልግደልልሽ?» አለች፤ ቀጥላም የማይሙናን ፊት አየችና ቀልዱን ትታ፣ «የአንቺ ንጹሕ ነው እኮ፣ እቴ። ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ምን እንደሆነች ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ማይሙና ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ ረምዚ እንዳላት ሽቶ በሌለው ሳሙና እስከ አንጓዋ ታጠበች፤ አደረቀች። ጓዳው ውስጥ ተንበረከከች። እጇ ከግልገሏ በላይ በአየር ላይ ቆመ። ይህች እጅ ስንት ሺህ ክንድ ጨርቅ ስትለካ ጠማማ ያልቆረጠች እጅ ናት፤ አሁን ግን አልታዘዝ አለቻት። ስልኩ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ረምዚ፣ «እማ? አነሱት?» ይላል። ሁለት ጊዜ ዘረጋች፣ ሁለት ጊዜ ሰበሰበች። ግልገሏ አፏን መክፈት አቆመች። ያን ጊዜ ማይሙና ዓይኗን ጨፍና አነሳቻት።

ክብደት የላትም። በመዳፏ ላይ ከቆዳ በታች አንድ ነገር እጅግ በፍጥነት ይመታል፤ የግልገሏ ልብ ይሁን የራሷ ደም ማይሙና መለየት አልቻለችም። በኋላ በር ወጥታ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቆመች። ከባሕሩ በኩል ትኩስ ነፋስ እየመጣ አሸዋ ይረጫል፤ በሁለት እጇ ሸፈነችላት። ጓዳው ወለል ላይ የቀረው ስልክ በክፍቱ በር በኩል ምን ማድረግ እንዳለባት ይነግራታል፦ እስክትነቃ በመዳፏ እንድትይዛት፣ ወተት በአፏ እንዳታደርግላት፣ ከነቃች በንጹሕ ካርቶን ላይ በጥላው አስቀምጣት ከዚያ እንድትርቅ። እላይዋ ላይ ከቆመች እናትየዋ አትቀርብም። በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለ ችግር ካልገጠመ በቀር አለመንካት ነው፤ ዓይናቸው ተገልጦ ሁለተኛው ሳምንት ሲያልፍ ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማቀፍ ደግ ነው፣ ከሰው ይለምዳሉና። ማይሙና ይህን ሁሉ ሰማች፤ አእምሮዋ የያዘው ግን «እስክትነቃ» የሚለውን ብቻ ነው። ባትነቃስ?

ግልገሏ አውራ ጣቷ ሥር አፍንጫዋን ቀበረች። ጡት ፈለገች። እግሯን ዘረጋች። ከዚያም አንዲት ቀጭን፣ የተቆጣች ድምፅ አወጣች።

ማይሙና ካርቶኑ ላይ አስቀመጣት፤ ወደ ውስጥ ገብታም በበሩ ቀዳዳ ማየት ጀመረች። አመዴ ከየውብዳር ጓሮ ብቅ አለች፤ ሦስቱን እዚያ ከባዶ የፓስታ ካርቶን ውስጥ ደብቃቸው ኖሯል። ቀስ ብላ ቀረበች። ከራስ እስከ ጅራት አሸተተቻት፤ የሰው እጅ ጠረን የሞላባትን ልጇን። አፏን ከፈተች። ማይሙና በቀዳዳው ላለማየት ግንባሯን በሩ ላይ ደፋች። ቀና ስትል አመዴ ግልገሏን በማጅራቷ አንጠልጥላ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ እየሄደች ነበር፤ ወዲያው የየውብዳር ድምፅ፣ ወጥ ቤቴ ማዋለጃ ቤት ሆነ ወይ እያለ ከግድግዳው ማዶ ተሰማ።

ማይሙና ለረምዚ ነገረችው። ደስ አለው፤ እሷም ልታመሰግነው አፏን ስትከፍት ክፍቱን ሳጥን አየችው። ነጫጮቹ ኳሶች በፍላኔሉ እጥፋት መካከል ተቀምጠዋል። ከዚያ ሳጥን የወጣ ጨርቅ ሻንጣ ሞልቶ፣ ጋቦዴ በሱሪያ ቁም ሣጥን ውስጥ ለልጁ ተዘጋጅቷል።

«ረምዚ፣ ልጄ» አለች። «ለሰው ልጅስ?»

 ረምዚ የከብት ሐኪም እንጂ የሰው እንዳልሆነ አስቀደመ። ቀጥሎም ቃላቱን እየመረጠ፣ አዲስ ለተወለደ ሕፃን ናፍታሊን የነካው ልብስ እንደማይለበስ፣ አብዛኞቹ ምንም ባይሆኑም አንዳንድ ልጆች፣ በተለይም ወንዶች፣ በደማቸው ከወላጅ የሚወርሱት ጉድለት ስላለ እንደሚታመሙ ተናገረ። እንዴት ነው የሚያደርጋቸው ብላ ጠየቀች።

«ቢጫ ይሆናሉ» አላት።

ሱቁን መዝጋቷን አታስታውስም። ዘግታዋለች። ጫት ከተማ የሚገባበት ሰዓት ነበርና ታክሲ ሁሉ ወደዚያው ተሯሩጧል፤ በፀሐይ ቆማ እስክታገኝ ራሷ ዞረ። በመኪናው ውስጥ የካርቲየ 4 ልጆች አንድ በአንድ በፊቷ አለፉ፤ በእሷ ፍላኔል የተጠቀለሉት። ያኛው ኳስ ይጫወታል፣ አይቼዋለሁ። ያችኛዋ ቁርኣን ቤት ገብታለች። የዚያች ባልቴት ጎረቤቴ የልጅ ልጅስ? ቤተሰቡ ወደ ሌላ ሠፈር ከሄደ ወዲህ አላየሁትም። ደህና ነው? ለማን ተደውሎ ይጠየቃል? ምን ተብሎ? ስንት ዓመት ከእጇ ስትሸሽ ኖራ፣ በኩራት ስታድለው የኖረችው ግን ያንን ጨርቅ ነው። የራሷን ልጅ ምን እንደገደለው የሚያውቅ የለም፤ ረምዚም ሆነ ሌላ ሐኪም ዛሬ ሊነግራት አይችልም። የተጠቀለለበትን ግን ታውቃለች። መቀሱን የያዘው አቡዘር ነበር፤ ሳጥኑን የከፈተችው አማቷ፤ ሁሉም ስለወደዱት ነው።

ጋቦዴ ስትደርስ ሱሪያ ሆዷን ደግፋ በሩን ከፈተች። ማይሙና ሰላምታ ሳትሰጥ ወደ ቁም ሣጥኑ አለፈች። ጨርቆቹ ታጥፈው፣ ተደርድረው፣ ከላይ ትንሽ ኮፍያ ተቀምጦባቸው ነበር። ሁሉንም በክንዷ አቅፋ ወደ በረንዳ ማውጣት ጀመረች።

«ኡሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ረምዚ ወደ መስጊድ ሲወጣ ይታጠባል ብሎኛል፤ እኔ ግን አልፈለግሁም። የሱቃችንን ሽታ እወደዋለሁ። ማታ ማታ ከፍቼ ነው የማሸተው።»

«ሁለተኛ እንዳታሸቺው።»

«ታጥቦ ቢደርቅስ?»

«ይህ ለልጅ አይሆንም። አሮጌ የሽቲ ቀሚስ አለሽ? ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ያለቀ? እሱን አምጪ።»

ሱሪያ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አዲስ ልጅ ባለቀ ልብስ ይጠቅለል የሚል ቃል ከማይሙና አፍ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ማይሙና ጨርቆቹን ጥላ በረንዳው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ቢጫው ቀለም፣ አክስቲቱ ስላለችው፣ ሱሪያንም አርባ ቀን ሙሉ ለምን ሳታቅፍ እንደቀረች። በመጨረሻም እስካሁን እሺ ያለችው ለማስመሰል እንደሆነ፣ ይህን ልጅ ለመያዝ እንደምትፈራ፣ ድመቷን ዛሬ ማንሳቷ ፍርሃቱን እንዳላጠፋላት ተናገረች። ጨርቁ ይሁን እጄ ይሁን አላውቅም፤ እስክሞትም አላውቅም አለቻት።

 ሱሪያ እያለቀሰች ነበር። ከዚያ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች።

«እኔም እፈራለሁ፣ ኡሚ። ልጅ ይዤ አላውቅም። ረምዚ ደግሞ በዕድሜው የያዘው ፍየል ብቻ ነው፤ እሱንም በቀንዱ» አለች። «ሦስታችንም ከፈራን ይህን ልጅ ማን ሊይዝልን ነው?»

ማይሙና በጭኗ ላይ የተቀመጡትን እጆቿን አየቻቸው። 

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች። «አንቺ ግን ከአጠገቤ እንዳትርቂ።»